ጥላ ሻጯ የተባልኩበት ጓሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሰመር ላይ፣ አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል ባለው ቤታችን ጓሮ ውስጥ ነው። የምጽፈው ትምህርት ይሆናል ብዬ አይደለም። አንባቢ ይፍረደኝ ብዬም አይደለም፣ እኔው ከፈረድኩ ቆይቻለሁ። የምጽፈው ልርሳው ብዬ ስላቃተኝ ነው። ፎጣ ባጠፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ፎጣ ደግሞ በየቀኑ ነው የማጥፈው።

ሉባባ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ አትላንታ ከመጣሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ባሌ ኡመር ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ መኪና ይነዳል። ቤቱን ስንገዛ ፑሉ አብሮ መጣ እንጂ ፈልገነው አልነበረም። እኔ ዋና አልችልም፣ እሱም አይችልም። ሁለት ዓመት ሙሉ ለመድኃኒቱ፣ ለፓምፑ፣ ለሚያጸዳው ሰውዬ እየከፈልን ቅጠል ሲንሳፈፍበት ቁጭ ብለን ስናይ ኖርን።

ዘዴውን ያመጣችው ልጃችን ሰሚራ ናት። ሰሚራ እዚሁ ነው ያደገችው፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ሆና ትሠራለች። «ማሚ፣ ሰው እኮ ፑል በሰዓት ይከራያል። ላይክ፣ አፕ አለው። ሊስት ላድርግልሽ? ላስመዝግብልሽ?» አለችኝ። ሰው የሰው ጓሮ ድረስ መጥቶ ለመዋኘት ይከፍላል ብዬ ምን ቆርጦኝ ልመን! በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ቤተሰብ መጣ። በሚቀጥለው ሦስት መጡ።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረችኝ። «ገንዘቡ ፑሉ ላይ አይደለም ማሚ፣ አድ ኦኑ ላይ ነው» አለች። አድ ኦን የምትለው ከኪራዩ ሌላ የሚጨመረውን ነው። ፎጣ ለብቻ፣ የጥላ ድንኳን ለብቻ፣ ግሪል ለብቻ፣ ስፒከር ለብቻ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፍራሽ ለብቻ። መጀመሪያ አፈርኩ። ሰው ቤትሽ መጥቶ ፎጣ ሰጥተሽ ገንዘብ መቀበል ምን ዓይነት ነገር ነው? አሜሪካኖቹ ግን ቅርም አላላቸው። እንዲያውም «ስፒከር የለሽም?» እያሉ ራሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር።

ኋላ እኔም የራሴን ጨመርኩ። ሁለተኛ ግሪል ገዛሁ። የአሳማ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ፣ ክዳኑ ላይ «ሐላል» ተብሎ የተጻፈበት ነው። ከሁሉ የምኮራበት ግን መጋረጃው ነው። የእኛ ሴቶች ፑል ሲያዩ ልባቸው ይቋምጣል፣ ግን የት ገብተው ይዋኙ? ሒጃባቸውን የት ያውልቁ? እኔ በአጥሩ ዙሪያ ሽቦ አስወጠርኩና ወፍራም አረንጓዴ መጋረጃ በእጄ ሰፋሁ። ሲሳብ ጓሮው ጥርቅም ይላል። ጎረቤት አያይ፣ መንገደኛ አያይ። ኡመር ራሱ ከቤቱ ይባረራል። እኔም በአርባ ስምንት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ውስጥ የገባሁት ያ መጋረጃ ከተሰቀለ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከሰሚራ ጋር አልተስማማንም። ከዘመድ አልቀበልም አልኳት። «ማሚ፣ ቢዝነስ ነው» ብትል፣ ብትል፣ ወይ ፍንክች! የአገሬ ሰው፣ ያውም የማውቀው ሰው ቤቴ መጥቶ በስልክ ከፍሎ ሲገባ ማየት አልችልም። ሞቼ ነው!

ከዘመድ ሁሉ የምትቀርበኝ ደግሞ ራሕማ ነበረች። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። አትላንታ በመጣን ሰሞን ክላርክስተን አንድ ክፍል ተከራይተን፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን፣ አንድ ካፖርት እየተቀያየርን ሥራ የሄድን ነን። ልጇን ሐያትን ስትወልድ እጇን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። እህቴ ነው የምላት፣ ሰውም እህቴ ነው የሚላት።

ራሕማ የግብዣ ዲኮር ትሠራለች። ፊኛ፣ አበባ፣ መጋረጃ፣ የሙሽራ ወንበር፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። መጋረጃውን እንደሰቀልኩ ደወለችልኝ። «ሉቤ፣ የአክስቴ ልጅ ቤቢ ሻወር አላት። ሴት በሴት ነን። እናንተ ጓሮ ብናደርገውስ?»

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ቤትሽ አይደለም እንዴ!» አልኳት።

ከዚያ በኋላማ ተከታተለ። የባሏ እህት ልደት፣ የጎረቤቷ ልጅ ምርቃት፣ የአብሮ አደጓ ሒና። በወር ሦስቴም አራቴም። እኔ ጠዋት ተነስቼ ድንኳኑን እተክላለሁ፣ ፎጣውን እደረድራለሁ፣ ሐላል ግሪሉን አጥቤ ከሰል አወጣለሁ። ቅዳሜና እሑድ ሲሆን ደንበኛ እስከ መመለስ ደርሻለሁ። እንግዶቿ ይመጣሉ፣ ሰላም ይሉኛል፣ ግን ቀዝቀዝ ይላሉ። «ጓሮሽ ያምራል» ብላ የምትስመኝ የለችም። እኔም ሰው ቤት ስለሆኑ አፍረው ነው እያልኩ ሻይ አፍልቼ አወጣላቸዋለሁ። ሻዩንም ሲቀበሉኝ እርስ በርስ ይተያያሉ። በኋላ እንደገባኝ፣ ሻዩ ስንት እንደሚያስከፍል እየተጨነቁ ነበር።

እንግዳን የመጣሽበትን ከፍለሽ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አለ? የለም። በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ራሕማ ይህን በደንብ ታውቃለች። ነገሩን ሁሉ የሠራችው እዚያ ላይ ነው።

አንድ እሑድ መስጊድ ኒካሕ ነበር። በሴቶቹ በኩል ከእማማ ሐዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። እማማ ሐዋ የወሎ ሴት ናቸው፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ይጠጋል፤ አትላንታ ያለን ሁላችንም እንደ እናት ነው የምናያቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለልጅ ልጃቸው ቤቢ ሻወር ከራሕማ ጋር ቤቴ መጥተው ነበር። እጄን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ሉባባ፣ ልጄ፣ አትቀየሚኝና አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «ለፎጣው ይሁን። ለከሰሉም ይሁን። ለጥላ ግን ሰው አይከፍልም። እኔ አሮጊቷ ውሃ አልገባሁ፣ ምን አልገባሁ። ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ብሄድ ሃያ አምስት ዶላር ምነው?»

ምን እንደሚሉ አልገባኝም። «የምን ሃያ አምስት ዶላር፣ እማማ?» አልኩ።

እሳቸውም ደንግጠው አዩኝ። አጠገባቸው የነበረችው የልጅ ልጃቸው ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ራሕማ የላከችላት መልእክት ነው። ፎጣ ይህን ያህል፣ ሐላል ግሪል ይህን ያህል፣ መጋረጃ ይህን ያህል፣ ወንበር ከነጥላው ለአንድ ሰው ሃያ አምስት። የእኔን አድ ኦን ከአፑ ላይ አንድ በአንድ ገልብጣ፣ ዋጋውን ሰቅላ አስቀምጣዋለች። ወንበሩንማ እኔም አላስከፍልም፣ ፈጥራው ነው! ከሥሩ ደግሞ እንዲህ የሚል አለ፦ «እባካችሁ ስትሄዱ ስለ ገንዘብ እንዳታነሱባት። እህቴ ናት፣ ግን በገንዘብ ቀልድ አታውቅም። እኔም ለምኜ ነው ያስቀነስኩላችሁ።»

ወላሂ፣ ደሜ ፈላ። ልጅቷ አፏን በእጇ እንደያዘች ቀስ ብላ ጨመረችልኝ። «አንቲ፣ ሰዉ እኮ ሌላ ስም አውጥቶልሻል። አይ ቶት ዩ ኒው፣ የምታውቂ መስሎኝ።»

«ምን የሚል?»

«ጥላ ሻጯ።»

ያኔ ነው ሁሉ ነገር የተገጣጠመልኝ። ኡመርን ከሥራ ጓደኞቹ አንዱ «ሚስትህ ሰላምታም ታስከፍላለች አሉ» ብሎት፣ ቀልድ ነው ብለን ስቀን ነበር። ለካ ቀልድ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ለቅሶ ስደርስ፣ ለአራስ ገንፎ ይዤ ስሄድ፣ አዲስ ለመጣ ሰው ብርድ ልብስ ስሰጥ ያቆየሁትን ስም፣ እህቴ የምላት ሴት በአንድ ሰመር ጭቃ ቀባችው። ገንዘቡን ሰበሰበች፣ ስስቱን ለእኔ አሸከመች።

እማማ ሐዋን በጆሯቸው አንድ ነገር ለመንኳቸው። «እማማ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ። እርስዎም፣ ልጅቷም። ለትንሽ ጊዜ ብቻ።» አንገታቸውን ነቀነቁ። ግራ ገብቷቸው ነበር፤ የሰሙትን ማመን አልፈለጉም።

ቤት ገብቼ ለሰሚራ ስነግራት ከወንበሯ ተነሳች። «ማሚ፣ አሁኑኑ ደውይላት! ኮንፍሮንት አድርጊያት፣ ፊት ለፊት ጠይቂያት! ከዛ ብሎክ አድርጊያት!»

እኔ ግን የራሴን ሰዎች አውቃለሁ። ብደውልላት ምን ይሆናል? ታለቅሳለች። በማግስቱ አራት ሽማግሌ ይላካል። «እህትማማች ናችሁ፣ ሸይጣን ነው» ይባላል። አውፍ በይ እባላለሁ፣ እንሳሳማለን፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ያልቃል። እሷ ንጹሕ ሆና ትወጣለች። እኔ ግን እስክሞት ጥላ ሻጯ ነኝ። ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ስለሆነ መመለስም ያለበት በሰው ፊት ነው። ይህን ለሰሚራ ነገርኳት። ኡመር «ተይው፣ ለአላህ ስጪው» አለኝ። እሰጠዋለሁ አልኩት፣ መጀመሪያ እኔ ልጨርስ።

ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ጥርሴን ነክሼ። በነዚያ ሦስት ሳምንታት ራሕማ ሁለት ጊዜ ደውላልኝ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እየሳቅሁ አወራኋት። እንዲህ ማስመሰል እንደምችል ስለ ራሴ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ የምጠብቀው መጣ። የአንድ የታወቀ ቤተሰብ ልጅ ልታገባ ነው፣ የሒናዋ ዝግጅት፣ አርባ ሴት፣ እማማ ሐዋም ይመጣሉ። «ሉቤ፣ የአጎቴ ሚስት እህት ልጅ ናት» አለችኝ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«ነይ እንጂ እህቴ፣ ቤትሽ አይደለም እንዴ» አልኳት።

ሰሚራ መሥሪያ ቤቷ ከፍላ ትልቅ ባነር አሳተመች። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ርዝመቱ ከእኔ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ሳሎን ወለል ላይ ዘርግተን ከመጋረጃው ውስጠኛ ገጽ ጋር በእጄ ሰፋሁት። መጋረጃው ሲሰበሰብ ባነሩ አብሮ ይታጠፋል፣ ምንም አይታይም። ሲሳብ ነው የሚዘረጋው። መርፌውን ስወጋ የነበረኝን ደስታ ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ።

ቀኑ ደረሰ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል። እንደ ወትሮው ሁሉንም አዘጋጀሁ፤ እንዲያውም ከወትሮው አብልጬ። ሴቶቹ ገቡ፣ እንደ ወትሮው ቀዝቀዝ ብለው ሰላም አሉኝ። እማማ ሐዋ ጥላው ሥር ተቀመጡ። ሙሽራዋ መሐል ላይ ራሕማ ባስጌጠችው ወንበር ላይ ተሰየመች። ሁሉም ሒጃቡን ለማውለቅ መጋረጃው እስኪዘጋ ይጠብቃል።

«ራሕማዬ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። «መጋረጃውን አንቺ ሳቢልን እስቲ።»

እየሳቀች ሄደች። ጫፉን ይዛ በአጥሩ ጥግ እየጎተተች ወደ ፊት ተራመደች። መጋረጃው ከኋላዋ ነው የሚዘረጋው። ስለዚህ እሷ ሳታይ አርባ ሴት አየ። ወሬው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣና ጸጥ አለ። ጫፉን መንጠቆው ላይ አስገብታ ስትዞር ሁሉም ከእሷ በስተኋላ ወዳለው መጋረጃ አፍጧል።

«ምንድን ነው የተጻፈው? አንብቡልኝ» አሉ እማማ ሐዋ። ማንበብ አይችሉም።

የሙሽራዋ አክስት ተነስታ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። «እንኳን ደህና መጣችሁ። የእህቴ የራሕማ እንግዶች የእኔም እንግዶች ናቸው። ፑሉ፣ ፎጣው፣ ግሪሉ፣ መጋረጃው፣ ወንበሩና ጥላው ለእናንተ በነፃ ነው። ከዚህ በፊትም ለራሕማ እንግዶች አንድም ቀን አስከፍዬ አላውቅም። ሉባባ።»

አንዲት ሴት «እንዴ!» አለች። ሌላዋ ስልኳን አወጣች። እማማ ሐዋ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ፤ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያዘኑ ይመስሉ ነበር።

«ራሕማ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ታዲያ ለማን ነው የከፈልኩት?»

ራሕማ «ለ... ለዲኮሩ ነው እማማ፣ ዲፖዚት ነው፣ ሉባባ አታውቅም፣ እኔ በኋላ...» አለች። ወደ እኔ አየች። ሃያ ዓመት ያወቅሁት ፊት ነው። ስትዋሽ የግራ ዓይኗ ይርገበገባል። እኔ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

ማንም አልሰደባት፣ ማንም አላባረራት። ራሷ ቦርሳዋን አነሳች። በር ላይ ስትደርስ እኔ ከፎጣው ክምር ላይ አንድ አንስቼ ተከተልኳትና ዘረጋሁላት። «ፎጣ አትወስጂም? በነፃ ነው» አልኳት። ሳትቀበለኝ ወጣች። ሴቶቹ ሳቁ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ የምለው የለኝም፣ እውነቱ ይህ ነው። ሴቶቹ ተራ በተራ መጥተው ሳሙኝ። እማማ ሐዋ እጄን ይዘው «አውፍ በይኝ ልጄ፣ ክፉ አስቤብሽ ነበር» አሉኝ፣ እንባ መጣኝ። በሳምንቱ ወሬው ስቶን ማውንቴን ደርሷል፣ ክላርክስተን ደርሷል። ሽማግሌዎችም እንደጠበቅሁት መጡ። አውፍ ብያታለሁ፣ ግን ቤቴ አትግባ ብዬ መለስኳቸው። ይህ ምን ዓይነት አውፍ ነው አሉኝ። የእኔ ዓይነት ነው አልኳቸው።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት በተዘጋ ሰሞን በአፑ አንድ ጥያቄ መጣልኝ። ስሟን ደግሜ አነበብኩት። ራሕማ። በሙሉ ስሟ፣ በራሷ ፎቶ፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ። ለሐያት ሃይስኩል መጨረሻ ግብዣ ነው። አድ ኦኑን ሁሉ መርጣለች፣ አንድም አልተወችም። ድንኳኑን፣ ሐላል ግሪሉን፣ ሃያ ፎጣ፣ መጋረጃውን። ከሥሩ መልእክት ጽፋለች፦ «አሰላሙ ዐለይኩም። ቢፈቅዱልን መጋረጃውንም እንፈልጋለን።»

ቢፈቅዱልን! ከእኔ ጋር አንድ ካፖርት እየተቀያየረች የለበሰች ሴት፣ አንቱ አለችኝ።

ሰሚራ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። «ማሚ... ጀስት ፍሪ አድርጊላት። ሐያት እኮ ናት።» እኔ ግን ቁጣዬ እንዳዲስ ተነሳ። ከዘመድ አልቀበልም ብያለሁ፣ አይደል? እንግዲያው ከእሷ እቀበላለሁ። ዘመዴ አይደለችማ! «ጥያቄዎን ተቀብያለሁ። ሰዓትዎን ያክብሩ» ብዬ መልሼ ጻፍኩላት። ለጥላውም ጭምር አስከፈልኳት። ሳንቲም አልቀነስኩም።

በሰዓቷ መጣች። ከስታለች። ሰላምታ ተለዋወጥን። ባነሩን ፈትቼ ካስቀመጥኩ ቆይቷል፣ ግን መጋረጃው ላይ የስፌቱ ቀዳዳ ይታያል። መጋረጃውን ስትስብ እጇ እዚያ ላይ ሲያርፍ አየሁ። አስተውላለች። ደስ አለኝ።

ከዚያ ሐያት መጣች። ትናንት ትከሻዬ ጋ የነበረች ልጅ በቁመት በልጣኛለች። ከሩቅ ሮጣ መጥታ ጥምጥም አለችብኝ።

«አክስቴ፣ ማሚ ነገረችኝ» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። «ሁሉንም ነገር ለግራጁዌሽኔ ስጦታ አድርጋ ሰጠችሽ አለችኝ። ፑሉን፣ ግሪሉን፣ ኤቭሪቲንግ። እኔ ደግሞ አንቺ የተቀየምሽን መስሎኝ... ታንክ ዩ ሶ ማች።»

በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁ። ራሕማ ድንኳኑ ሥር የወረቀት ሳህን ቁልል ይዛ ቆማለች። ሰምታለች። አትንቀሳቀስም። ግራ ዓይኗ ይርገበገባል።

አፌ ላይ ነበር። «እናትሽ ከፍላለች፣ እኔ የሰጠሁሽ ነገር የለም።» አንድ ዓረፍተ ነገር። አምና አርባ ሴት ፊት ካደረግኩት የባሰ ይሆን ነበር፣ ምክንያቱም ይህቺ ልጇ ናት። ይህን ራሕማም ታውቃለች። ከፍላ፣ ልግስናውን ለእኔ ሰጥታ፣ አንገቷን ዘርግታልኝ ቆማለች።

«ላንቺ ያንሳል፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ራሕማ ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች። እኔ ቤት ገባሁና ሰዓታቸው እስኪያልቅ አልወጣሁም።

ይኸውና ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ገንዘቡን አልመለስኩላትም፣ አልመልስምም፤ ብመልስ ታረቅን ማለት ነው። ተቀይሜአታለሁ። አሁን እንዲያውም ከአምናው ይልቅ ተቀይሜአታለሁ። አምና ስሜን ወሰደችብኝ፣ አስመለስኩ። ዘንድሮ ደግሞ መጥታ ቂሜን ወሰደችብኝ፣ እሱን ደግሞ በምን ባነር አስመልሳለሁ? ያቺን ፎጣ በር ላይ የዘረጋሁላትን ሳስብ ድሮ እስቅ ነበር። አሁን ሳቁ ግማሽ ላይ ይቀራል። ይህን ያደረገችኝ እሷ ናት፣ ለዚህም አውፍ አልላትም።

ያን ቀን ከሄዱ በኋላ ለማጽዳት ወጣሁ። ደንበኞች ሲሄዱ እርጥብ ፎጣ ሣሩ ላይ ጥለው ነው፣ ሁሌም። ሃያው ፎጣ ግን ወንበር ላይ ተደርድሮ ጠበቀኝ። እርጥቡ ሳይቀር ሦስት ቦታ ታጥፎ፣ ጥግ በጥግ ገጥሞ። ክላርክስተን አንድ ክፍል ውስጥ ሳለን ያለንን አንድ አንሶላ እንዲህ ነበር የምናጥፈው፣ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ይዘን።

ሊታጠብ ያለ ፎጣ ማን ያጥፋል? አንድ በአንድ ፈታታሁና ማጠቢያው ውስጥ ከተትኳቸው። ሲደርቁም በራሴ አጣጠፍ፣ ሁለት ቦታ ብቻ አጠፍኳቸው።